የአራት መቶ ሜትር ችኮላ

ጠዋት ጠዋት የይርጋ መኪና ከመንቀሳቀሷ በፊት ትተርታለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትላለች፣ እንደ ዜና አንባቢ በረጋ ድምፅ። ይርጋ «ይሄዳል» ብሎ ይመልሳል። ካልመለሰ በሩ አይዘጋም፤ በሩ ካልተዘጋ ደግሞ ንቅንቅ የለም።

ከዚያ ከሰሚት እስከ ሜክሲኮ ነው፤ እንደ ማንኛውም መኪና ከአህያ ትንሽ ፈጠን፣ ከበቅሎ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ሰዉ መኪናው ውስጥ ጢሙን ይላጫል፣ ሽሮውን ያሞቃል፣ ከሚስቱ ይጣላል፣ ይታረቃል። ጎን ለጎን የሚሄዱ መኪኖች እስከ ዓመት ስለማይለያዩ ጉርብትና አለ። የይርጋ የግራ ጎረቤት ባለፈው ጥር ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ በመስኮት ጠርቶት ነበር። ይርጋም በመስኮት በልቶ፣ በመስኮት መርቆ ተመልሷል። የሚያረፍድ የለም። የሦስት ሰዓት ቀጠሮ ያለው ሰው አራት ሰዓት ተኩል ቢደርስ፣ ቀጠሮው ራሱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ድሮ ድሮ ሕዝቡ በዚህ ነገር ይታማ ነበር አሉ። አሁን ሥርዓት ሆኗል፤ የሚመራውም የእርጋታ ሚኒስቴር ነው።

ሚኒስቴሩ ጨካኝ አይደለም። መቸኮል የተከለከለ ዕለት ሕዝቡ እንዳይከፋው ብሎ ለእያንዳንዱ ዜጋ የዕድሜ ልክ አራት መቶ ሜትር ችኮላ ፈቅዷል። አንዴ ብቻ፣ በፈለገበት ቀን፣ በአንድ ትንፋሽ። ለምን አራት መቶ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መሐንዲሶቹ «ጥናት ተደርጎበታል» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከሚኒስትሩ ቢሮ እስከ ሽንት ቤቱ ያለው ርቀት ነው ይላሉ።

ብዙ ሰው ችኮላውን በማይረባ ነገር ይጨርሳል፤ አንዱ ዝናብ ሲያባርረው፣ አንዱ ኳስ ሊጀመር ሲል፣ አንዱ አማቱን በሩቅ ሲያይ። የይርጋ እናት ናርዶስ ግን የጨረሰችው ምጥ ሲይዛት ነው። ያን ጊዜ መኪኖች ገና ጉልበት ነበራቸው። ከኡራኤል ተነስታ በረረች፤ ከዚያ አራት መቶው አለቀ፣ መኪናዋም ወደ ልማዷ ተመለሰች፣ ይርጋም የሆስፒታሉ በር እየታየ በአህያ ርምጃ ተወለደ። ናርዶስ ስለ መውለዷ ብዙም አታወራም። የምታወራው ስለ አራት መቶ ሜትሩ ነው።

«ጀርባዬን ገፋኝ» ትላለች ዓይኗን ጨፍና። «አንድ ነገር በሙሉ መዳፉ ጀርባዬን ገፋኝ። እኔም እሰይ አልኩ።»

«ምን ዓይነት መግፋት ነው?»

«አይነገርም፣ ይርጋዬ። አንተ አልነበርክማ።»

ይቺን «አንተ አልነበርክማ» ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማት ኖረ። ጢሙ ሸበተ፣ አሁንም ይሰማታል። የማይነገረውን ነገር ከማወቅ በቀር ከዚህ ዓለም ሌላ የጎደለው ነገር ያለ አይመስለውም። የራሱን አራት መቶ ሜትር ግን ዛሬ ነገ እያለ ሳይነካው ቆየ።

ዘንድሮ አዲስ መመሪያ ወጣ። ጳጉሜን እስክታልቅ ያልተጠቀሙበት ችኮላ ሁሉ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል ተባለ። መንግሥት ይኼን ሁሉ ችኮላ ምን ሊያደርግበት ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ጋዜጠኛ ነበር፤ መልሱ በመንገድ ላይ ነው።

የዛሬ መኪና ደግሞ ቢፈቀድላትም ከበቅሎ አትበልጥም። ጀርባ የሚገፋ መኪና የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከአዋሽ ወዲያ፣ ድሮ የነዳጅ ቦቴዎች ሲግተለተሉበት የኖረው፣ አሁን ፍየል የሚተኛበት አሮጌው የጅቡቲ አስፋልት። እዚያ ባለ ቱርቦ የቅርስ መኪኖች አሉ። ይርጋ ጳጉሜን ስትገባ ተነሳ። መኪናው ሞጆ አድራ፣ መተሐራ አድራ፣ እየተረተች ወሰደችው።

*

ጋራዡ ከአንድ የግራር ጥላና ከአራት ቆርቆሮ የተሠራ ነው። ባለቤቷ ዘሃራ የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ከሞተር ጋር ሲነጋገር ኖሮ የሻከረ። ይርጋ ሲደርስ የአንዲት ቀይ ዲኤክስ መኪና አፍ ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ነበር።

«አቦ ጥላው ውስጥ ግባ፣ ትቀልጣለህ» አለችው ሳትዞር። «የማን ልጅ ነህ? የነገው ነህ?»

«የነገው ነኝ።»

«እንግዲያው ይቺ ያንተ ናት።»

ይርጋ ጠጋ ብሎ አየ። ከሞተሩ ጎን እንደ ትልቅ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ብረት ተለጥፏል፤ ቱርቦው ነው። ዘሃራ ቁልፉን ስታዞር አካባቢው ሁሉ የሠርግ ማግሥት መሽተት ጀመረ።

«አረቄ ነው እንዴ?»

«ቤንዚን ከየት ይምጣ? ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ አልኮል ነው የምትጠጣው። ሰክራ ግን አታውቅም፣ ከብዙ ሰው ትሻላለች።»

ከዚያ ይርጋን ረሳችው። ኮምፒውተሯን መከላከያው ላይ አስደግፋ አንዲት ቁጥር ትነካለች፣ ሞተሩን ታስጮኸዋለች፣ ሄዳ ጭስ ማውጫውን ታሸታለች፣ ተመልሳ ሌላ ቁጥር ትነካለች። ወጥ የሚቀምስ ሰው ትመስላለች፤ ነዳጁን ትንሽ ጨምራ፣ እሳቱን ትንሽ አዘግይታ፣ እንደገና አሽታ ራሷን ትነቀንቃለች።

«የናንተ አገር አየር ስስ ነው» አለች በመጨረሻ። «እዚህ ወፍራም ነው። ባለፈው አንዱ መኪናውን አዲስ አበባ አስተካክሎ፣ ጨርሻለሁ፣ አትንኩብኝ አለ። አንዴ ረገጣት። ፒስተኑን ከፍየሎቹ መሃል ለቀምነው።»

«እኔ አልነካም።»

«አንተማ ትነካለህ፣ ለዛ አይደል የመጣኸው? ግባ።»

ወንበሩ ላይ አስቀምጣ አሰረችው። «ግራ እግር ፍሬን ላይ። ቀኝ እግር ነዳጅ ላይ፣ እስከ ወለሉ። አውራ ጣት ይቺ ቀይ ቁልፍ ላይ። ቁልፉን ስትጫን ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም፤ ቱርቦው ግፊቱን ያጠራቅማል። አረንጓዴ ስታይ ፍሬኑንም ቁልፉንም አንድ ላይ ትለቃለህ። ሌላ ሥራ የለህም።»

«ቁልፉን ምን ያህል ልያዘው?»

«ቢስሚላሂ እስክትል።»

«እኔ በስመ አብ ነው የምለው።»

«እሱ ይረዝማል፣ አሳጥረው» አለች ዘሃራ። «ሙች፣ አልቀለድኩም። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ አየሩ ሳይሞቅ ነው የምትሮጠው። የቱርቦው አየር ማቀዝቀዣ ላይ በረዶ እሞላልሃለሁ። ቁልፉን ይዘህ ከተኛህበት በረዶው ይቀልጣል፣ ሞተሩ የራሱን ሆድ ይበላል። ሌላ ሞተር የለኝም፣ አንተም ሌላ ችኮላ የለህም።»

«ገባኝ።»

«ሁሉም ገባኝ ይላል።» ከፊቱ ላይ ያለውን ላብ በጨርቋ ጠረገችለት፤ ጨርቁ ላይ የነበረው ዘይት ወደ ግንባሩ ተሻገረ። «ልንገርህ? እዚህ ሞተር የሚፈጅብኝ ፍጥነት አይደለም። ይሉኝታ ነው።»

«ይሉኝታ?»

«ነገ ብቻህን አይደለህማ።»

እውነት ነው፤ ብቻውን አይደለም። ሚኒስቴሩ ብቻውን የቸኮለ ሰው ሊኮራ ይችላል ብሎ ስለሚሰጋ በቅርስ መኪና ማንም ሰው ያለ ጥንድ አይቸኩልም።

*

የይርጋ ጥንድ ከአሮጌ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ውስጥ፣ በሻሻቸው ላይ የራስ ቁር ደፍተው ብቅ አሉ። ስማቸው፣ እንደ ዘመናቸው አሮጊቶች ሁሉ፣ ሶልያና ነበር። ጎኑ ላይ «ሜክሲኮ – ሳሪስ» የሚል ጽሑፍ ገና ያልጠፋለትን ሚኒባስ ዘሃራ ቱርቦ ጨምራለት፣ ወንበሮቹን አውጥታለት፣ ጉልበተኛ አድርጋዋለች።

ሰማዩ ገና ወይን ጠጅ ነበር። ሁለቱ ባለ ችኮላዎች እንዴት አደሩ፣ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ፣ ጤና፣ ዝናቡ ሲባባሉ የፈንታሌ ተራራ አናቱ ቀላ።

«ለክፉ ቀን ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት» አሉ እትዬ ሶልያና። «ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ይቺማ ትንሽ ናት፣ ከዚህ የባሰ ይመጣል እያልኩ አሳለፍኩት። ባለቤቴ ሲታመም እንኳ፣ ተው ይቆይሽ አለኝ፤ እሱ ራሱ። አየህ? ይኸው አሁን መንግሥት ሊወስድብኝ ነው። አንተስ፣ ልጄ?»

ይርጋ አፈረ። ቢሆንም ነገራቸው። «እናቴ ጀርባዬን ገፋኝ ትላለች። እኔ ከመወለዴ በፊት፣ በአራት መቶ ሜትሯ። ምን እንደሆነ አይነገርም ትላለች።»

«አይነገርም?»

«አይነገርም። እሱን ለማወቅ ነው።»

እትዬ ሶልያና በደንብ አዩት፤ የተከፈተ ቁልፍ የሚቆልፉለት ሰው ይመስል ኮሌታውን አስተካከሉለት። «እንግዲህ ይግፋህ» አሉት።

ሁለቱ መኪኖች መስመሩ ላይ ተሰለፉ። ከመንገዱ ዳር በዣንጥላ ሥር የተቀመጠው የሚኒስቴሩ ታዛቢ ከፔርሙሱ ሻይ ቀድቶ ድምፅ ማጉያውን አነሳ፤ «መልካም ችኮላ» አለ። «አረንጓዴው የሚቆየው ለአንድ ደቂቃ ነው። በደቂቃው ውስጥ ያልጨረሰ፣ የቀረው ለመንግሥት ነው።» ዘሃራ የመጨረሻውን በረዶ ሞላች፣ ሬዲዮዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሦስቱም በአንድ ሬዲዮ ነው የሚሰሙት።

«ይርጋ። ተጫን።»

ተጫነ። ዲኤክሷ እንደ ታሰረ በሬ ተንቀጠቀጠች። ጩኸቱ በወንበሩ፣ በጥርሱ፣ በዓይኑ ውኃ ውስጥ አለፈ። የግፊቱ መርፌ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። በስመ አብ አለ፤ አሳጠረው።

አረንጓዴ በራ።

ይርጋ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳደረገ ከዚያ በኋላም አልገባውም። ወደ ግራ ዞረ። እትዬ ሶልያናም ወደ ቀኝ ዞረው ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ይቅደሙ፣ እትዬ» አለ ይርጋ።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! አንተ ቅደም።»

«እርስዎ እያሉ? እንዴት ተደርጎ!»

«እኔ አሮጊት ነኝ፣ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»

«ልቀቀው!» ዘሃራ ናት። «ይርጋ! ልቀቀው!»

«ከታላቄ በፊት አልወጣም» አለ ይርጋ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ እያለ። ያኛው እጁ ግን ቀይ ቁልፉ ላይ ነበር። ቁልፉን ልልቀቅ ብሎ አስቦ ነበር፤ ግን ሞተሩን ቢያበርድ እትዬ ሶልያና፣ ተቀየመኝ፣ ችኮላውን ተወው ብለው ይጨነቃሉ። ስለዚህ ላለማስጨነቅ ያዘው።

«በሞቴ ቅደም!»

«እኔ ልሙት፣ ይቅደሙ!»

«እኔን ግደሉኝ!» አለች ዘሃራ። «ሁለታችሁም ኑና እኔን ግደሉኝ! በረዶው ቀለጠ! አልሰማችሁም? በረዶው!»

አልኮሉ ከዲኤክሷ ጭስ ማውጫ ሰማያዊ ሆኖ ይተፋ ጀመር። ታዛቢው ሻዩን ፉት አለ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በየሳምንቱ ያያል፤ ሕዝቡ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንተ ትብስ አንቺ ትብሺ ሲባባል ኖሮ፣ መቸኮል እንኳ ሲፈቀድለት በር ላይ ይቆማል።

ያን ጊዜ እትዬ ሶልያና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በእናትህ» አሉት። «በእናትህ ሞት፣ ቅደም።»

በእናቱ ተለምኖ እንቢ የሚል ሰው ገና አልተወለደም። ይርጋ ለቀቀ።

ዲኤክሷ ድመት የምትዘለውን ያህል ዘለለች። ከዚያ ከሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር «ጧ!» አለ፣ ጩኸቱም ተቆረጠ። ነጭ ጭስ መስታወቱን ሸፈነው። መኪናዋ ግን አልቆመችም፤ በዝምታ ተንከባለለች፣ ከአህያ ትንሽ ፈጠን፣ ከበቅሎ ትንሽ ዘግየት ብላ። ልክ ከሰሚት ወደ ሜክሲኮ እንደሚሄደው።

ይርጋ ነዳጁን ረገጠ። ምንም። ቁልፉን ተጫነ። ምንም። ጀርባው ከወንበሩ ጋር እንደ ሁልጊዜው ተደግፏል፤ ማንም አልነካውም። ከፊቱ መንገዱ ርቆ ርቆ፣ ፍየሎቹ ዳር ዳሩን ተኝተው፣ ማለቂያው ላይ ያለችው ቀይ ባንዲራ እንደ ቅጠል ትታያለች። እናቱን ምን እንደሚላት አሰበ። «አልነበርክማ» ትለዋለች። እንዳልነበረ ሊቀር ነው።

በኋላ መስታወቱ ከጭሱ ውስጥ አንድ ሰማያዊና ነጭ ነገር ወጣ።

የእትዬ ሶልያና ሞተር አልተቃጠለም። ያልተቃጠለበት ምክንያት ቀላል ነው፤ እሳቸው ሰው እያናገሩ ነዳጅ መርገጥ ነውር ነው ብለው ያሳደጓቸው ሴት ናቸው። ክርክሩ ሲጀመር እግራቸውን አንስተው ነበር። አሁን ረግጠውታል። ቱርቦው እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ እያፏጨ መጡ፤ በጎኑ አያልፉም ወይ? አላለፉም። መስመራቸውን ትተው ወደ ይርጋ መስመር ገቡ፣ ፍጥነታቸውን ገቱ፣ የሚኒባሱን አፍንጫ የዲኤክሷ ጀርባ ላይ፣ ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው ቀስ አድርገው አስደገፉት።

«ያዝ፣ ልጄ» አሉ በሬዲዮው።

ከዚያ እስከ ወለሉ ረገጡት።

መጀመሪያ የተነሳው ወንበሩ ነው። ወንበሩ መጥቶ ጀርባውን ያዘው፤ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ በሙሉ መዳፉ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሄደ። ከዓይኑ የወጣው እንባ ወደ ታች አልወረደም፤ ወደ ጆሮው ተጓዘ። ፍየሎቹ ረዘሙ፣ ግራሮቹ ተቀላቀሉ፣ መንገዱ ቀልጦ እንደ ወንዝ ከሥሩ ፈሰሰ። ተራራው ብቻ ነበር ያልተንቀሳቀሰው። የሚሰማው ፉጨት ከሩቅ፣ ከግድግዳ ወዲያ፣ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ መሰለው። ሞቀው። ጨለማ የነበረበት፣ ቀይ የነበረበት፣ የሌላ ሰው ልብ ከጆሮው አጠገብ ድብ ድብ የሚልበት አንድ ቦታ ትዝ አለው። እዚያም እንዲህ ተገፍቶ ነበር። ከኡራኤል ተነስቶ። የእናቱ ጀርባ ሲገፋ የሱም አብሮ ተገፍቷል፤ በሆዷ ውስጥ ተቀምጦ፣ ያለ ቀበቶ፣ በዓለም ላይ ከማንም በፊት።

«እሰይ» አለ ይርጋ።

ቀይዋ ባንዲራ በላዩ ላይ አለፈች።

*

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ሆነ። ዘሃራ የእሳት ማጥፊያ ይዛ ሮጣ መጣች፤ ሩጫዋ በሕግ የተፈቀደ ነበር ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ዲኤክሷ ላይ ነጭ ዱቄት ነፋች፣ ይርጋን በኮሌታው ጎትታ አወጣችው፣ የሞተሩን አፍ ከፈተች፣ ወደ ውስጥ አየች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«በላው» አለች። «ወላሂ ሆዱን በላው።»

«ይቅርታ፣ ዘሃራ።»

«ይሉኝታ!» አለች ወደ ፍየሎቹ። «ነገርኩት እኮ! ነገርኩት!» ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየችና ቁጣዋ በረደ። «ገፋህ?»

ይርጋ ራሱን ነቀነቀ።

«በቃ እንግዲህ» አለች፣ መፍቻዋን ፍለጋ እየተነሳች። «ሞተሩስ ይጠገናል።»

ጭሱ ሲገለጥ ይርጋ ዞር ቢል ሚኒባሱ ባዶ ነበር። የሁለቱም ችኮላ አልቋል፤ ችኮላው ያለቀ ሰው ደግሞ የገዛ መኪናው ወዲያው መጥታ ትወስደዋለች። የእትዬ ሶልያና መኪና መጥታ ወስዳቸው ነበር። የይርጋም በሯን ከፍታ ቆማለች።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችው።

«ለቀመ» ብሎ ገባ።

አዋሽ ሳይደርስ ለእናቱ ደወለ።

«እሺ?» አለች ናርዶስ። ሌላ ሰላምታ አልነበራትም።

«ጀርባዬን ገፋኝ።»

«አየህ?» አለች። «አይነገርም አላልኩህም?»

«ደግሞ እማ፣ ነበርኩ።»

«የት?»

«ያን ጊዜ። ከኡራኤል። ነበርኩ እኮ።»

ናርዶስ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፣ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማው። «ለካ ሁለታችንን ነው» አለች። «ለካ ሁለታችንን ነው የገፋን።» ከዚያ ደግሞ፣ እናት ናትና፣ «አንተንስ ማን ገፋህ? መኪናዋ?» አለች።

«መኪናዋ ተቃጠለች። እትዬ ሶልያና የሚባሉ ሰው ናቸው። የራሳቸውን ችኮላ በኔ ጀርባ ላይ ጨረሱት።»

«ወይ እናቴ! አመሰገንካቸው?»

ይርጋ ቀና አለ። ከፊቱ፣ ድምፅ ቢያወጣ በማይሰማበት ርቀት፣ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና በዚያው መንገድ በዚያው ርምጃ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። በኋላ መስታወቷ ሻሽ ይታያል።

«ትንሽ ፈጠን በይ፣ እባክሽ» አላት መኪናውን። «ትንሽ ብቻ።»

መኪናዋ መልስ የሚሆን ተረት ፈለገች። ብዙ ነበራት። ርቀቱ ግን መተሐራ ላይ እንደዚያው ነበር፣ ሞጆ ላይም እንደዚያው፤ አይጠብም፣ አይሰፋም። ደብረ ዘይት ሊደርሱ ሲሉ ከነጯ መኪና መስኮት አንድ ቀጭን እጅ ወጣ፤ መዳፉን ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ ዘረጋ፤ ቅደም እንደማለት።

ይርጋ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ማንም ባያየውም፣ ከወገቡ ጎንበስ አለ።

«ይቅደሙ፣ እትዬ» አለ። «ይቅደሙ።»